የአራተኛው ቀን ራጅ

ቤተሰብ ውስጥ ራጅ አንሺ ካለ ሐኪም ዘንድ ወረፋ የሚይዝ የለም። የአክስቴ ወገብ፣ የጎረቤት ክርን፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። ሥራዬ ፊልም ማንሣት እንጂ ማንበብ እንዳልሆነ ረስቼ "ምንም የለም፣ ሂዱ" ማለት ለምጄ ነበር።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ትልቁ መቀስ ከጠረጴዛ ወድቆ የቀኝ ቅልጥሟን ወጋት። ቁስሉ ጠገገ፤ ከዚያ ውስጡን ያቃጥላት ጀመር። ሕመሙ በጀመራት በአራተኛው ቀን እያነከሰች መጣች።

"ፎቶ አንሺው፣ ፈገግ ልበል ወይስ ልኮሳተር?" አለችኝ አልጋው ላይ ተጋድማ።

ፊልሙ ንጹሕ ነው። "እትዬ፣ አጥንትሽ ብረት ነው!" አልኳት። መሳቢያዬ ውስጥ የተራረፈ አንቲባዮቲክ ነበር፣ እሱን ሰጠኋት። ሲሻላት ጉራዬ ለጉድ ሆነ። ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር እጨምርላታለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት ቅልጥሟ መግል ማውጣት ጀመረ። የአጥንት ሐኪሟ አዲሱን ፊልም ወደ መስኮቱ አነሣችው። አጥንቱ ነቀዝ እንደገባው እንጨት ተበልቷል። በመርፌ ከአጥንቱ ናሙና ተወሰደ፤ ላብራቶሪው ግን ጀርሙን ማግኘት አልቻለም። የእኔ ክኒን ሳይገድለው ሸሽጎታል።

"የመጀመሪያው ራጅ መቼ ነው የተነሣው?" አለችኝ ሐኪሟ።

"በአራተኛው ቀን።"

"የአጥንት ኢንፌክሽን ራጅ ላይ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅ አታውቅም? ያኔ የደም ምርመራና ኤምአርአይ ነበር የሚያስፈልጋት።"

"አውቃለሁ" አልኩ። ተፈትኜበት አልፌያለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እህቴ ምን ደበቀች? እኔ ነኝ የደበቅኩባት።

ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ አልሆነም። ደሟ ሳይመረዝ ተብሎ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቤት ያለው የስፌት መኪናዋ በሁለት እግር ነው የሚረገጠው።

"እትዬ፣ አፈር ልብላ" ብዬ አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁ። ፀጉሬን ዳሰሰች።

"ተው እንግዲህ። እኔ ራሴ ነኝ ሐኪም ትቼ አንተ ጋ የመጣሁት።"

ከዚያ ግራ እግሯን አየችው።

"ይሄኛውም ከትናንት ጀምሮ አመም ያደርገኛል።"

ወደ ራጅ ክፍል ልወስዳት ተሽከርካሪ ወንበር ለማምጣት ብድግ ስል እጄን ያዘችኝ።

"አንሣው፣ ወንድሜ" አለች። "ግን አንተ አታንብበው።"