ቀዳዳዋ የተደፈነ እንቁራሪት

ያሄይ ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። በኦሳካ ዕድሜውን ሙሉ ከዝሆን ጥርስ ኔትሱኬ የሚባለውን ትንሽ የመቀነት ማንጠልጠያ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ዓይኑን ካጣ ምን ይቀረዋል? ደግሞስ ለማን ይቅረጽ? ድሮ ወንድ ሁሉ የትምባሆ ከረጢቱን በክር ከኔትሱኬ ጋር አስሮ ከመቀነቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። አሁን ሱሪ መጣ፣ ከሱሪ ጋር ኪስ መጣ፣ የያሄይም የእንጀራ በር ተዘጋ።

የመጨረሻውን ሥራ ለልጁ ለሴንጂሮ ሠራለት፤ አሮጌ የገለባ ጫማ ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት። ከሁሉ ይልቅ የደከመባቸው ከሥሯ ያሉት ሁለት የክር ቀዳዳዎች ናቸው። አንዱን ጠበብ፣ ሌላውን ቋጠሮውን ውጦ እንዲደብቅ ሰፋ አደረገው። የዝሆን ጥርስ ሰው ሲዳስሰው ውሎ ሲያድር መልኩ ማር ይመስላል። ያሄይ የተመኘው ይህንኑ ነው፤ ከልጁ ወገብ ላይ ሆና በልጁ እጅ እንድታረጅ። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ሴንጂሮ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ስጦታውን ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፤ ለአዲስ ዓመት መቀነት ታጥቄ አደርጋታለሁ ብሎም ቃል ገባ። አዲስ ዓመት አለፈ፣ አልመጣም። የመጣው በጸደይ ነው፣ ፊቱ ፈክቶ። እንቁራሪቷን አለቃው አይቶ እንደወደዳት፣ እሱም ለጠረጴዛው ጌጥ እንድትሆን ለአለቃው ሊሰጠው እንዳሰበ አወራ።

«አንድ ነገር ብቻ አሳፈረኝ፣ አባባ። ‹ምን ያደርጋል፣ ከሥር ተበስቷል› ብሎ አዘነልዎ።»

«የክር ነው አትለውም ነበር?»

«ብነግረው ‹ዛሬም መቀነት የምትታጠቅ ባላገር ነህ› ይለኛል። ለእርስዎ ስም ብዬ አስደፈንኩት። ይኸው፣ ይዩት።»

ያሄይ ማየቱን ተወውና አውራ ጣቱን ከጫማው ሥር አሳለፈ። ፈለገ፣ አጣ። ደግሞ ፈለገ።

«ማን ደፈነው?»

«ካንስኬ።»

ካንስኬን ከልጅነቱ ጀምሮ ከጎኑ አስቀምጦ ያስተማረው ራሱ ያሄይ ነው። ዛሬ ተማሪው ለፈረንጅ ገበያ ቀዳዳ የሌለው ጌጥ ይቀርጻል።

«መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ እንኳ አይታወቅም» አለ ያሄይ። «ደህና አድርጌ ነው ያስተማርኩት።»

ሴንጂሮ አባቱ የተደሰተ መሰለው፤ ትልቅ ሸክም ከላዩ እንደወረደ ሁሉ ተነፈሰ። ያሄይ እንቁራሪቷን በሁለት እጁ መልሶ ሰጠውና ለአለቃህ ሰላምታዬን አድርስልኝ አለው።