ለስንት ሰው ነው?

«አሁን ደግሞ ይቺን ይስሟት፣ ጋሼ» አለችና ሻጯ ሪሞቱን ተጫነች። መደርደሪያው ላይ የተኮለኮሉት አምስት ስፒከሮች ባንድ አፍ ጮኹ። መኪና ተገለበጠ፣ መስታወት ረገፈ፣ ሄሊኮፕተር በግራ ጆሮው ገብቶ በቀኝ ጆሮው ወጣ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሳያስበው አንገቱን ቀበረ። እግሩ ሥር የተቀመጠው ወፍራም የድምፅ ሣጥን፣ «ውፈር» የሚሉት፣ ሲያጓራ የሱሪው ጫፍ ተርገበገበ።

«እንዴት ናት?»

«ኧረ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!»

ልጅቷ ሳቀች። ሰው በሱ ቀልድ ሲስቅ ብዙም ስላልለመደው፣ እሱም ቆየት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለና «ሰው የሚያወራበት የለም?» ሲል ጠየቃት። «ግጭቱ ይቅርብኝ። ዝም ብሎ ሰው ከሰው ጋር የሚጫወትበት።»

ሌላ ፊልም ፈልጋ አገኘችለት። ሁለት ሴቶች ማድቤት ቆመው ጎረቤታቸውን ያማሉ። ቆጣሪ አንባቢው ከመደርደሪያው ጎን እንደቆመ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሐሜቱ የሚሰማው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ቃሉ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ይድበሰበሳል። ቅር አለው። ሐሜት ደግሞ ግማሹ ከቀረ ምን ይረባል?

የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥራው በር ማንኳኳት ነው። «ማነው?» ሲሉት «ቆጣሪ!» ይላል፤ ስሙን የሚጠይቀው የለም። ልጆች ወደ ውስጥ «ቆጣሪ መጣ!» ብለው ይጮሃሉ፣ ውሻ ይታሰራል፣ እሱም ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር መዝግቦ ይሄዳል። ቁጥሩ ብዙ ያወራለታል። የትኛው ቤት እንግዳ እንደከረመበት፣ የትኛው ቤት ማቀዝቀዣ እንደገባ፣ የየትኛው ቤት ልጅ አግብታ እንደወጣች፣ አንድም ሰው ሳይተነፍስለት ያውቃል። በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ደግሞ ከውስጥ የሚወጣውን ድምፅ ሰርቆ ይሰማል፤ የሳህን ኳኳታ፣ የወንድምና የእህት ጭቅጭቅ፣ የቴሌቪዥን ሁካታ፣ «ኧረ ቀንሱት!» የምትል እናት። የሰው ንብረት አስቀንቶት አያውቅም። ይሄ «ኧረ ቀንሱት!» ግን ያስቀናዋል። እሱ ቤት ቀንስ የሚለው ሰው የለም።

ጉዱ የፈላው ባለፈው ሳምንት ነው። ቢሮ ውስጥ መዝጋቢዋ የወሩን ዝርዝር ስትመረምር አንድ ቤት አጠራጠራት። የሚጠቀመው መብራት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ይሄ ወይ ቆጣሪው ቆሟል፣ ወይ ሰው አይኖርበትም» አለችና «ባዶ ቤት» ብላ በቀይ ጽፋ ለተቆጣጣሪው ሰጠችው። ተቆጣጣሪው አድራሻውን ይዞ ሄዶ ቢያንኳኳ በሩን የከፈተለት የገዛ ባልደረባው ሆነ፤ ቆጣሪ አንባቢው ራሱ፣ በነጠላ ጫማ፣ የሻይ ብርጭቆ በእጁ ይዞ።

በማግስቱ ቢሮው በሳቅ ሞተ። «ባዶ ቤት! እንዴት አደርክ?» ይሉታል። መዝጋቢዋ ከልቧ ብትደነግጥም እሷም ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ግን አንተ በሻማ ነው እንዴ የምትኖረው?» አለችው።

ችሎ ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። አፉ ግን ቀደመው።

«ሆም ቲያትር ገዝቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩን ታዩታላችሁ!»

«ሆም ቲያትር? የቱን?»

«ትልቁን።»

«በቃ የዋንጫውን ጨዋታ አንተ ቤት ነው የምናየው!» አለ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛውን እየመታ፤ ሌሎቹም «ጸድቋል!» አሉ። ቅዳሜ፣ አምስት ሰው። ቆጣሪ አንባቢው በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሲኖር አምስት ሰው ቀርቶ አንድ ሰው እንኳ ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም። ውሸቱ አስፈራው፣ ደስታው ግን ከፍርሃቱ በለጠ። ወለሉን ሁለቴ ወለወለ። ከጎረቤቱ አራት ወንበር ሊዋስ ቢሄድ ሴትየዋ ክው ብላ «ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለችው። በመጨረሻም ለጥርሱ ማሠሪያ ያስቀመጣትን ገንዘብ ይዞ፣ ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ አስፈቅዶ፣ እዚህ ሱቅ መጣ። ቴሌቪዥንስ አለችው፤ የጎደሉት ስፒከሮቹ ናቸው። ከዚያች ገንዘብ በላይ ግን ከየትም አያመጣም።

«ቆመው ስለሚሰሙ ነው እንጂ ድምፁስ ጥሩ ነው» አለችው ሻጯ። ከስፒከሮቹ መሐል አንድ ወንበር ነበር። «እስኪ እዚህ ቁጭ ይበሉ።»

ቁጭ አለ። ጉድ ነው! ሴቶቹ ፊት ለፊቱ መጡ፣ ቃላቸው ጠራ። ሕፃን በቀኙ በኩል እየሮጠ አለፈ። ከኋላው በር ተከፈተና አንድ ሰው ጫማውን እያወለቀ «መጣሁ!» አለ።

ቆጣሪ አንባቢው ዞር ብሎ አየ። ከካርቶን ክምር በቀር ምንም አልነበረም። ልጅቷ ፊቱን እንዳታየው የስፒከሩን ገመድ የሚመረምር መስሎ አጎነበሰ።

«ሌላ ምን አለሽ?» አላት ቀና ሳይል።

ሁለት ረጃጅም ስፒከሮች አሳየችው። «እነዚህ ሁለት ብቻ ናቸው። ከኋላ ምናምን የሚመጣ ነገር የላቸውም። ግን የትም ይቀመጡ፣ የትም ይቁሙ፣ አንድ ነው።» እውነቷን ነው። በሩ ጋ ሄዶ ሰማ፣ ጥግ ላይ ሰማ፤ ሐሜቱ ሳይሸራረፍ ደረሰው። ሆኖም ሁሉም ነገር እዚያ ማዶ ነው፣ ከፊት። ወደ እሱ የሚመጣ ሰው የለም።

«ዋጋቸውስ?»

«እኩል ነው። ለስንት ሰው ነው? እናንተ ቤት ስንት ናችሁ?»

«እኛ ቤት…» ብሎ ቆመ። ብቻውን የሚኖር ሰውም «እኛ ቤት» ነው የሚለው፤ «እኔ ቤት» ሲሉት አፍ ላይ ይጎረብጣል። «እኛ ቤት ቅዳሜ ስድስት እንሆናለን።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? ሁለቱ ናቸዋ! አምስቱ እኮ የሚሆነው መሐል ለሚቀመጠው ሰው ነው። እንግዳ ያስቀይምብዎታል።»

ቅዳሜን ብቻ አይቶ ነው እንዴ ሰው የሚገዛው? እሁድስ? ሰኞስ? እንዲህ ሊላት ፈልጎ ተወው። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። መዝጋቢዋ ነበረች።

«አንተ፣ የት ጠፋህ? ስማ፣ የቅዳሜው ነገር ተቀየረ። ኃላፊያችን እኔ ቤት ካልመጣችሁ ብሎ ድርቅ አለ፣ ሚስቱም ተዘጋጅታለች። አንተም እንዳትቀር፣ እሺ? ያንተን ደግሞ ሌላ ጊዜ እናየዋለን።»

«እሺ፣ ችግር የለም» አለ። ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም፤ በየበሩ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ውሸቱ ሳይታወቅበት ተቀበረ። ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ጥርሱን ያሠራል። ቅዳሜም ቢሆን ከሰው ጋር ነው የሚውለው። ደስ ግን አላለውም። «ሌላ ጊዜ»ን በደንብ ያውቃታል። በየቤቱ «ግባ እንጂ፣ አረፍ በል» ሲሉት የሚመልሳት እሷን ነው። ጠሪውም ተጠሪውም እንደማይሆን ያውቃሉ፣ ፈገግ ይባባሉና ይለያያሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲናገራት እንዲህ እንደምታም አላወቀም ነበር።

«ጋሼ፣ አምስቱን ላሽግልዎት ወይስ ሁለቱን?»

«አንዴ ታገሺኝ፣ ልጄ» አለና መልሶ ደወለ።

«አቤት?» አለች መዝጋቢዋ።

«ሌላ ጊዜ ያልሽው መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«እኔ ቤት የምትመጡት። ቀኑን ንገሪኝ።»

ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«እውነቱን ልንገርሽ። ሆም ቲያትር የለኝም። ስትስቁብኝ ጊዜ ነው የዋሸሁት። አሁን ሱቅ ቆሜ ልገዛ ነው። አንደኛው ለአንድ ሰው የሚሆን ነው፣ አንደኛው ለብዙ ሰው። የማትመጡ ከሆነ የአንድ ሰውን ልግዛ። አልቀየምም፤ ብቻ ልወቀው።»

ከጀርባዋ ተቆጣጣሪው የሆነ ነገር ተናግሮ ሰው ሲያስቅ ይሰማዋል። ከዚያ ወንበር ተገፋ፣ በር ተዘጋ፣ ሳቁም ራቀ።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ልጆች አሉብኝ። እሁድ እናቴ ጋ ነኝ። እመጣለሁ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፤ አልመጣምም አልልህም። አላውቅም።»

«ጥሩ።»

«ተቀየምከኝ?»

«አልተቀየምኩም። ደህና ዋይ።»

እውነትም እንዳልተቀየመ ሲረዳ ራሱን ገረመው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። መሐል ላይ ያለችውን ወንበር አንድ ጊዜ አያት። ቢቀመጡባት ደስ ትላለች፣ ማንም አይክድም።

«እህስ፣ ጋሼ?» አለች ሻጯ፤ ንግግሩን በሙሉ ሰምታ ኖሮ ድምፅዋ ለስልሷል። «ለስንት ሰው ሆነ?»

«ለጊዜው ለአንድ ነው» አላት። «ግን ሁለቱን ስጪኝ። የትም ቢቀመጡ የሚሰማውን።»