የገንዳ ጠበቃ

ሰው ሁሉ «የገንዳ ጠበቃ» ይለኛል። ይበሉኝ! ልጆቹ ሳይቀሩ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆም ብለው «የገንዳ ጠበቃ!» ይሉና ይሮጣሉ። ስሜ የምሥራች ነው። ድሬዳዋ አጠገብ፣ ከመልካ ጀብዱ ወጣ ብላ ባለችው ሰፈራችን በአቦ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ አባል ነበርኩ፤ ከወንዶቹ መሀል አንድ ሴት። ያስገቡኝም ደንቡ ሴት ይኑር ስለሚል እንጂ ወድደውኝ አይደለም፤ እሱንም አውቀዋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሌ መቃብር ነው። ፍቅረ ማርያም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ የሠራ ሰው ነበር። የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አሸዋው ዳር ነው። አሸዋ የምንለው ወንዛችንን ነው። በጋውን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ደግሞ አንድ ቀን ያብድና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ፍቅሬ ሲቀበር ከመቃብሩ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ድንኳን የሚያስተክል ቦታ ነበር። ዓምና አፈሩ እየተሸረፈ መጣና ሻማ ላበራ ስሄድ እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። ዘንድሮ አንድ ደህና ጎርፍ ከመጣ ባሌ ተወሰደ ማለት ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ግቢያችን ሞልቷል፤ ያልሞላውም ቋጥኝ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ግን ከፍ ያለ ሜዳ አለ። የቀበሌው የጋራ መሬት ነው፣ ፍየል ከመዋሉ በቀር ማንም አይሠራበትም። ዐፅሞቹን ወደዚያ እናፍልስ ብዬ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለፍቅሬማ ቦታ ሁሉ መርጬለት ነበር፤ አንዲት ቁርቁራ ዛፍ አለች፣ ከሥሯ ሆኖ ሐዲዱ ይታያል። ባቡር ሲያልፍ ያያል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ፣ ግን እንደዚያ ብዬ ነበር።

የቀበሌውን ሊቀ መንበር አብዲቃድርንም ያናገርኩት እኔው ነኝ። አብሮ አደጌ ነው፤ አብረን ነው የሰው ፓፓያ የሰረቅነው። «ወላሂ የምሥራች፣ ለሙታን ቦታ የሚከለክል ማነው? ሽማግሌ ይዛችሁ ኑና በስብሰባ ይጽደቅ» አለኝ። አለቀ። ከዚህ በላይ ምን ቀላል ነገር አለ?

የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር ደግሞ አቶ ጉግሳ ናቸው። ከደጋ የመጡ የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው፤ ልጃቸው ሃኒ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስለምትሠራ ነው እኛ ጋ የተቀመጡት። ንግግር ያውቃሉ። «ከዚህ አኳያ» ሳይሉ ውሃ አይጠጡም። አንቱ ካልተባሉ ደግሞ ያማቸዋል፤ ድሬ ላይ ደግሞ አንቱ የሚባል ማነው? እኛ አገር ሕፃኑም ሽማግሌውን «አንተ» ነው የሚለው፣ ፍቅር ስለሆነ። እሳቸው ግን «ስድ አገር» ይሉናል።

ቀበሌ የሚኬድበት ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ አቶ ጉግሳ በር ላይ መለሱኝ። «ሴት መሬት ልትጠይቅ አደባባይ አትሄድም። አንቺ ለሽማግሌዎቹ ምሳ አሰናጂ» አሉኝ።

«ኧረ አቶ ጉግሳ፣ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ! ቋንቋውንም የማውቀው እኔ ነኝ!»

«ስብሰባው በአማርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ አያንሰንም» አሉና ሄዱ።

ይዘው የሄዱት ቄስ አለምብርሃንን እና አቶ ማዘንጊያን ነው። ቄሱ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ከጎጃም ከመጡ ገና ዓመታቸው ነው። ማዘንጊያ ደግሞ ጆሮው ከብዷል፣ ጆሮው ላይ ደወል ቢደውሉበት «አቤት?» የሚል ሰው ነው። እኔ ብግን ብዬ ሽሮዬን አማስላለሁ።

ሽሮው ሳይንተከተክ ተመለሱ። አቶ ጉግሳ ከዘራቸውን እየወዘወዙ፣ ፊታቸው ጠቁሮ፣ «ቆሻሻ! ዐፅማችንን ቆሻሻ ውስጥ ሊጥሉት ነው!» ይላሉ። ሜዳው ላይ ከተማው የቆሻሻ ገንዳ ሊያስቀምጥ መሆኑን፣ አብዲቃድርም ሽማግሌ ፊት «ሬሳችሁን ገንዳ ውስጥ ጨምሩ» ማለቱን ነገሩኝ። በዚያ ሰሞን ገንዳ በየሰፈሩ ሊመጣ ነው የሚባል ወሬ ነበርና እኔም አመንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሮ አደጌን ረገምኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ጉግሳ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «የክርስቲያን ዐፅም የቆሻሻ ዕቃ አይደለም! እኔ በሕይወት እያለሁ ያንን መሬት ቢሰጡንም አንቀበልም!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። እኔም እልል ብያለሁ፣ ምን ልደብቅ።

ሰኞ አብዲቃድር ቢሮ ገብቼ፣ ሰላም እንኳ ሳልል «አንተ ከሃዲ! ባሌን ቆሻሻ ውስጥ ልትጨምረው?» አልኩት።

አብዲ ብድግ አለ። «አቦ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ቦታውን ሰጠኋችሁ፤ ያ ሽማግሌ ተነስቶ ‹ቆሻሻው ያለው እዚህ ነው› ብሎ ሰደበንና ወጣ!»

«ምን ብለህ ነው የሰጠኸን?»

«ምን እላለሁ? ‹ያ ቦታ የማንም አይደለም፣ የገንዳ ነው። ገንዳው ተስማምቷል። ሬሳችሁን ገንዳው በክብር ይቀበላል› አልኩ።»

«የምን ገንዳ?»

«ገንዳ ነዋ! ገንዳ ኬኛ! ሰፈራችን፣ ቀበሌያችን!»

ወይ ጉድ! ገንዳ በኦሮምኛ ቀዬ ነው፣ ሰፈር ነው፣ ቀበሌውም ገንዳ ነው የሚባለው። እኔ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ቃል ነው። አብዲ አማርኛ ሲናገር አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያነሳ ነው፤ ድሬ ላይ ሁላችንም እንደዚያ ነን። እዚያ ብኖር ኖሮ አንድ ቃል ነበር የምለው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ እንባችን እስኪመጣ። «ሬሳችሁን ገንዳው ይቀበላል!» እያልን።

ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና «ግን የእኛ ሽማግሌዎች ተቀይመዋል፤ ወርሳሜ ‹በሰማንያ ዓመቴ ቆሻሻ ተባልኩ› ብሎ ሁለት ቀን አልበላም። ያንቺ ሽማግሌ ራሱ ይምጣና አንድ ‹አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ› ይበል። እኛም ‹አፉ› እንላለን፤ ቦታው የእናንተ ነው። ያለዚያ እኔ እነሱን ረግጬ መስጠት አልችልም» አለኝ። ልክ ነው። ሽማግሌ ተሰድቦ እንዴት ዝም ይባላል?

እየሮጥኩ አቶ ጉግሳ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ደስ ብሎኝ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ አስረዳኋቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ እያዞሩ ሰሙኝና፣ «ልጄ ሃኒም እንዲሁ ብላኛለች» አሉ።

«መቼ?»

«የዚያኑ ዕለት ማታ።»

«እሑድ ሲናገሩ ያውቁ ነበር?»

«ወይዘሮ የምሥራች፣ ቀበሌ በተጣላንበት ዕለት ከሰው ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ወሬው ወጥቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሑድስ ሕዝቡ እንዴት አንድ እንደሆነ አላየሽም? ሦስት ዓመት ስናገር እንደዚያ እልል ብሎልኝ አያውቅም። የሰበካው ምርጫ ደግሞ ነሐሴ ነው። አሁን ተነስቼ ‹ቃሉ ስላልገባኝ ነው› ልበል?»

«ይበሉዋ! ምን ይከብዳል? ባሌ ሊወሰድ ነው!»

«ጻድቁ ይጠብቁታል።»

«ጻድቁማ ቦታ ሰጥተው ነበር፤ የመለስከው አንተ ነህ!» አልኩት። ከዚያች ሰዓት ወዲህ አንቱ ብዬው አላውቅም። «እሺ፣ የፍቅረ ማርያምን ብቻ ላንሳ። ፍቀድልኝ፣ አንድ ጥግ ፈልጌ አሳርፈዋለሁ።»

«አንቺ ካነሳሽ ሁሉም ላንሳ ይላል። የት እናደርገዋለን? አይቻልም» አለና ተነስቶ ገባ።

ቄስ አለምብርሃን ዘንድ ሄድኩ። አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ግን ያለ ሰበካ ጉባኤው ፈቃድ እኔ መቃብር አላስከፍትም፤ ደመወዜም በእነሱ እጅ ነው። ታገሺ» አሉኝ። ታገሺ! አሸዋው ይታገሣል እንዴ?

በሚቀጥለው እሑድ እኔው ተነሳሁ። ማጉያውን ከለከሉኝ፣ በባዶ ጉሮሮዬ ጮኽኩ። «ወገኖቼ፣ ገንዳ ማለት እኮ ሰፈር ማለት ነው! ሰዎቹ ሰፈራችን በክብር ይቀበላችኋል ነው ያሉን! ኦሮምኛ የምታውቁ የላችሁም?» ግማሹ ያውቃል። አቦ፣ ገበያ ላይ በምን ቋንቋ ነው ሽንኩርት የሚገዛው? ግን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንዷ ከኋላ «ከእነሱ ጋር ስትበላ ስለምትውል ነው» አለች። አንዱ ደግሞ «የገንዳ ጠበቃ!» አለ፤ ሰው ሳቀ። ስሙ እዚያው ወጣልኝ። ሰው ተሰደብክ ሲሉት ደስ ይለዋል መሰለኝ፤ አልተሰደብክም ካሉት ነው የሚቆጣው።

ሐምሌ ገባ። በየቀኑ ወደ ተራራው እመለከታለሁ፤ ደጋው ጠቁሮ ይውላል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ እኛ ጋ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ስልኬ ጮኸ። ከላይ ግመል የሚጠብቀው ፋራህ ነው። «የምሥራች፣ አሸዋው መጣ! ትልቅ ነው!» አለኝ።

አካፋ ይዤ ሮጥኩ። እዚያ ስደርስ አብዲቃድርና የወርሳሜ ልጆች ቀድመውኝ ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ነው። ተሰድበው እኮ ነው! ከእኛ ሰዎች ጥቂቱ መጡ፤ ቄስ አለምብርሃንም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡበት፤ ፈቃድ የት እንደገባ እንጃ። ጉግሳ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሞ «ምሕላ ያዙ! ምሕላ!» ይላል። ቁፋሮው የሳጥኑ ክዳን ላይ ደረሰ። እንጨቱን በእጄ ነካሁት፤ ገና ደህና ነበር። «ፍቅሬ፣ መጣሁ» አልኩት።

ከዚያ መሬቱ ከእግሬ ሥር ላላ። አብዲ ነጠላዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ፤ ወድቀን ቀና ስንል መቃብሩ የለም። ቡኒ ውሃ ብቻ። እኔ ራሴ ነጭ የቀባሁት የእንጨት መስቀል አንድ ሁለቴ ተገለበጠና ሄደ። ጮኼ እንደሆን አላስታውስም። ወርሳሜ ከዘራውን ተደግፎ መጥቶ አጠገቤ ቆመና «አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ» አለኝ። ከእኛ ሽማግሌዎች ማንም ምንም አላለኝም።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ልጆቹ እስከ ታች ድረስ ፈልገውልኛል። ምንም አላገኙም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ መኪና እያቃሰተ ወደ ላይኛው ሜዳ ወጣና ትልቅ አረንጓዴ የብረት ገንዳ አውርዶ ሄደ። እውነተኛውን፣ የአማርኛውን። አብዲቃድር ፊቱን መሸሸጊያ አጥቶ ቤቴ መጣ። «ከላይ ‹ባዶ ቦታ አላችሁ ወይ› አሉን። ቦታውን ሌላ ማንም አልጠየቀንም፤ ለእናንተ ብናስቀምጠው በአደባባይ አንቀበልም አላችሁ። ምን ልበል፣ የምሥራች?» አለኝ። ምንም አትበል አልኩት። ምን ይላል?

የምርጫው እሑድ ጉግሳ ማጉያውን ያዘ። ከዘራውን አንስቶ ወደ ሜዳው፣ ወደ ገንዳው ጠቆመ። ብዙም አልተናገረም፤ አኳያም አላለም።

«አላልኳችሁም ነበር?» ነው ያለው።

እልልታው ቤተ ክርስቲያኑን አነቃነቀው። እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ፤ ማዘንጊያም ምን እንደተባለ ሳይሰማ ሁለት እጁን አወጣ። እኔ ተነስቼ «ውሸቱን ነው! ያውቅ ነበር!» አልኩ። «ቁጭ በይ፣ የገንዳ ጠበቃ! ዓይንሽ እያየ?» አሉኝ። ዓይኔማ ያያል። ገንዳው ቆሟል፤ ምን ብዬ ልከራከር?

እኔንም ከሰበካ ጉባኤው አወጡኝ። ለሙት ዓመቱ ፍትሐት ቄስ አለምብርሃን «የት ላይ ቆመን እናድርሰው?» ብለው ጠየቁኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት የቤቴን ቆሻሻ በማዳበሪያ ይዤ ወደ ላይኛው ሜዳ እወጣለሁ። ቦታው ደረቅ ነው፣ ነፋስ አለው፤ ምንም ዓይነት ጎርፍ አይደርስበትም። ገንዳውን ያስቀመጡት ቁርቁራዋ ሥር ነው፣ ለፍቅሬ በመረጥኩለት ቦታ። ቆሻሻዬን እደፋለሁ። ባቡር የሚያልፍ ከሆነ እስኪያልፍ ቆሜ አይለትና እመለሳለሁ።