የነቀዝ መድኃኒት

ጉድ እኮ ነው! ባሕር ተሻግሮ የሄደው ቦሎቄ ባሕር ተሻግሮ ተመለሰ። ኮንቴይነሩን ከመጋዘኑ በር ላይ ተገትሮ ያየችው ቁልፌ ክው ብላ ቀረች። የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው «ቁልፌ» የሚሏት፤ የማኅበሩን እህል ተረክባ እስኪጫን ድረስ የምትጠብቀው እሷ ናት። ነቀዝ አንዲት ፍሬ ቢነካባት እንቅልፍ አይወስዳትም።

«ምን አጎደልን?» ብላ ከላኪው ድርጅት በመጣው የጥራት ተቆጣጣሪ ላይ ጮኸች። «ለቅመን፣ አበጥረን! አንድ ጠጠር ካገኙበት ያሳዩኝ!»

«ጠጠር አይደለም፣ እናቴ። መርዝ ነው የተገኘበት።»

«መርዝ?» ሳቋ መጣ። «እኛ መርዝ አናውቅም። መድኃኒት ነው የምናደርግበት!»

እውነቷን ነው። በዚያ ግቢ ነቀዝ የሚገድለውን ነጭ ዱቄት መርዝ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ልጅ ሲያስለው የሚጠጣውም መድኃኒት፣ ቦሎቄ ላይ የሚነሰነሰውም መድኃኒት። የሚያመጣላት ደግሞ የገዛ ወንድሟ ነው፤ ገበያው መግቢያ ላይ የእርሻ ዕቃ መደብር አለው። እሷም አምናው ጆንያውን እየፈታች በእጇ ትደባልቀዋለች።

ተቆጣጣሪው የዱቄቱን ባዶ ቆርቆሮ ከጥግ አነሳና በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን እያገላበጠ አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የተሠራው እዚያው ነው፤ ቦሎቄውን በመለሰው አገር።»

«የራሳቸው ነዋ! ታዲያ ምን ሁኑ ነው የሚሉን?»

«እነሱ ዘንድ መጠቀም ክልክል ነው። ጉበት ይጎዳል፣ ፅንስ ያበላሻል ብለው ከልክለውታል። ሠርቶ ለውጭ መሸጥ ግን አልተከለከለም።»

«ቆይ፣ ቆይ! መርዙን ሸጡልን፤ ከዚያ መርዝ አለበት ብለው መለሱብን?»

«አዎ።»

«እግዚኦ!» ከኮንቴይነሩ ወርዶ መጋዘኑ ውስጥ ከተከመረው ጆንያ ላይ ዘጭ አለች። በየጠዋቱ ከደጃፉ ጠርጋ የምትጥላቸው የሞቱ ርግቦች ትዝ አሏት። ብርድ ነው የፈጃቸው ስትል ነበር የከረመችው! ዱቄቱ ያረፈበትን ወለል አጥባ ውሃውን ወደ ወንዙ መልቀቋ ትዝ አላት። ከዚያ ልጆቿ መጡባት። የምትቀቅልላቸው ቦሎቄ የሚወጣው ከዚሁ መጋዘን ነው። ልጆቼን በእጄ መርዝ አበላኋቸው ማለት ነው? አስባው ልትጨርሰው አልቻለችም።

ውጭ ግን የማኅበሩ ሴቶች ዘንቢል ይዘው ተሰልፈዋል። ሊቀ መንበሩ «የተመለሰው ቦሎቄ ከሚበላሽ ለአባላት ይከፋፈል» ብሎ ነበርና። ተቆጣጣሪው ለድርጅቱ ሊደውል ሲሄድ ቁልፌ ተከትላው ወጥታ በሩን ጥርቅም አድርጋ ቆለፈች።

«ምን ነካት ዛሬ? የአባቷ ቤት መሰላት እንዴ!» አለች አንዷ። ሊቀ መንበሩ ቢለምናት፣ ቢቆጣት አልከፍትም አለች። ጭንቅ ሲለው ወንድሟን አስጠራ።

ወንድሟ እያለከለከ ደረሰ። «እታለም፣ ክፈቺላቸው እንጂ! ስንት ሰው ሲበላው ኖሮ የለ? ማን ሞተ?»

«መርዝ ነው አሉኝ እኮ። ልጆቼ…»

«እታለም ትሙት፣ ምንም የለውም! ተቀቅሎ ምን ሊቀረው? የፈረንጅ ምቀኝነት ነው።»

ተመስገን! ወንድሟ በእሷ ሞት ከማለ አለቀ። እፎይ ብላ እንባዋን በመዳፏ ጠራረገችና በሩን ከፈተች። ሴቶቹም እልል አሉ። ያንን ያህል ስለተጠራጠረችው አፍራ፣ የመጀመሪያውን ጣሳ ሞልታ ለወንድሟ ዘረጋችለት።

«እንካ፣ ለልጆችህ ውሰድላቸው።»

«አይ፣ እኛ ቤትማ ከዚህ የወጣ አይገባም» አለ፤ ሳያስበው ነው ያመለጠው። «ሚስቴ ከሌላ ቦታ ነው የምትገዛው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ወንድሟ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘንቢል የዘረጉት ሴቶች እጃቸውን ሰበሰቡ። ቁልፌ ጣሳውን ገለበጠችውና ቦሎቄው መሬት ላይ ተዘረገፈ።

«የኔዎቹ ሲበሉት እኮ አጠገባቸው ተቀምጠህ ነበር» አለችው። «ቦሎቄ አልወድም አልከኝ።»