ጸበል የገባበት መስታወት

ብርኽቲ በጄሪካኑ እጀታ ላይ የታሰረውን ነጭ ክር ያየችው ውሃውን የልጇ ሽሪምፖች ወዳሉበት መስታወት አንቆርቁራ ከጨረሰች በኋላ ነው። ክሩን ያሰረችው ራሷ ናት፤ ጠዋት ከኡራኤል የቀዳችው ጸበል ከሌላ ውሃ እንዳይቀላቀልባት ብላ። ልጇ ደሊና «ለሽሪምፖቹ የምትጨምሪው ይሄን ነው፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ከፍቼ ያሳደርኩትን» ብላ ያሳየቻት ክር የሌለው ጄሪካን አጠገቧ እንደ ሞላ ተቀምጧል።

እጇ ላይ ያለው ባዶ ነበር።

ደሊና እነዚያን ቀያይ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ፍጥረቶች ወደ ቤት ያመጣች ቀን «ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር ዕቃዬን እንዳይነካ» ብላ ማንኪያና ብርጭቆ የለየችው ራሷ ብርኽቲ ነበረች። አሁን በገዛ እጇ ጸበል አፈሰሰችባቸው። ለንስሐ አባቷ ምን ብላ እንደምትናገር ማሰብ ጀምራ ማሰቡንም ፈራችው።

«ዘርአይ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለች ወደ ሳሎኑ።

ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በቀላሉ አይደነግጥም። የሆነውን ሰምቶ ከሶፋው ሳይነሳ «አጠመቅሻቸዋ» አላት። «እንግዲህ ስም አውጪላቸው። ረቡዕና ዓርብንም አስጀምሪያቸው።»

«አትቀልድ። መቅሠፍት ትጠራብናለህ።»

«እኛን ተዪን። እነሱን ብርድ እንዳይገድላቸው፤ ጸበሉ በረዶ ነው።»

ይህቺ ቃል ልቧ ውስጥ ተቀመጠችባት። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ስትል እንቁላል የታቀፈችው ትልቋ ሽሪምፕ ጠጠሩ ላይ በጎኗ ተጋድማለች። ነጥታለች። ከሆዷ ሥር እንቁላሎቹ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ተጣብቀው ይታያሉ፤ እግሯ ግን አይንቀሳቀስም።

ብርኽቲ መስታወቱን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው።

ደሊና እጮኛዋ ከነበረው ከሃፍቶም ጋር ያሰረችው ቀለበት የተመለሰ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ተኝታ ነው ያሳለፈችው። እናቷ በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር። ከዚያ አልጋ ያስነሷት እነዚህ ናቸው፤ የሥራ ጓደኛዋ ከዱባይ በፌስታል ውሃ ያመጣችላት። እስካሁን የተቋጠረው እንቁላል ሁሉ ተበላሽቶባት፣ እዚህ የደረሰው ይሄ ብቻ ነው። ይሄም ከሞተ ልጅቷ ተመልሳ ትተኛለች፣ ሥራዋን ትተዋለች፣ ከዚያም… ብርኽቲ ከ«ከዚያም» ወዲያ ያለውን ሁሉ ባንዴ አየችው።

ስልክ ደወለች። ስትደነግጥ ትግርኛዋ ይቀድማታል። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ትልቋ ሞታብሻለች። እኔ ነኝ የገደልኳት፤ ጸበሉን ነው የጨመርኩት።»

ደሊና ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዋ ነበረች። «ቆይ፣ እማዬ። ማለቴ፣ በደንብ እያት። ውስጧ ሥጋ አለው?»

ብርኽቲ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። «ባዶ ነው። እንደ ላስቲክ።»

«በቃ ልብሷ ነው። ውሃው ሲለወጥባት ደንግጣ ቆዳዋን ጥላ ነው፤ እሷ የሆነ ቦታ ተደብቃለች። እንቁላሉስ?»

«ከልብሱ ጋር ቀርቷል።»

ብርኽቲ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ የልጇን ትንፋሽ አዳመጠች።

«እናትየው ናት በእግሯ እያራገበች የምታቆየው» አለች ደሊና በመጨረሻ። «ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይሻግታል። በማጥለያ አድርጊውና አረፋው የሚወጣበት ጋ ያዥው፣ አረፋው ይወዝውዘው። ቀስ ብለሽ። እመጣለሁ።»

የተለየውን ዕቃ የምትፈልግበት ጊዜ አልነበረም። ደህናውን የሻይ ማጥለያዋን አነሳች፣ ያንን ስስ ልብስ ከነእንቁላሉ በማንኪያ አንስታ አስገባችው፣ አረፋው ላይ ያዘችው። እንቁላሎቹ መገላበጥ ጀመሩ። ትንሽ እንደቆየች መብራት ሄደ። የአየር ሞተሯ ጸጥ አለች፣ አረፋውም ቆመ።

ብርኽቲ የቆመውን ውሃ አየች። ከዚያ እጇን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ጀመረች፤ ሕፃን እንደማባበል።

ዘርአይ ወንበር አምጥቶ ከኋላዋ አስጠጋላት። «ሽሪምፕ ሆነሽ ቀረሽ» አለ። ቆይቶ ግን «ስጪኝ፣ ተራዬ ነው» አላት።

«ያንተ እጅ ይከብዳል።»

ደሊና ሲመሽ ደረሰች። ታክሲ አጥታ በእግሯ ነው የመጣችው። በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ የስልኳን መብራት ማጥለያው ላይ አበራች። የነጡትን እንቁላሎች በስንጥር እየለቀመች አወጣች። ብዙ ነበሩ። ብርኽቲ ፊቷን ለማየት አልደፈረችም፤ የመኝታ ቤቱን በር ነው የምታየው፤ ልጇ አሁን ትገባለች፣ አሁን ትዘጋዋለች።

«ከግማሽ በላይ ሄዷል» አለች ደሊና።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ነይ እዪ።»

ብርኽቲ ጎንበስ አለች። በቀሩት እንቁላሎች ውስጥ፣ በእያንዳንዳቸው፣ ሁለት ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ።

«ምንድን ነው?»

«ዓይናቸው ነው። ደርሰዋል።»

ብርኽቲ አፏን በእጇ ያዘች። ከሰዓት ጀምሮ የያዘችው ነገር ሲያያት ኖሯል። ዘርአይም ለማየት ከኋላቸው ጎንበስ አለ።

ደሊና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ ማጥለያውን ከእናቷ እጅ ወሰደች፣ ማወዛወዙን ቀጠለች። «መብራት እስኪመጣ እኔ እይዛለሁ» አለች። «ራት ምን አለ? ርቦኛል።»

ልጇ «ርቦኛል» የሚለውን ቃል በዚህ ቤት ውስጥ ከተናገረች ስንት ጊዜዋ ነው። «ሽሮ አለ፣ በከሰል አሞቅልሻለሁ» አለች ብርኽቲና ወደ ጓዳ ስትሄድ ከመንገድ የሚገባው ብርድ እግሯን ነካት። ተመልሳ ደሊና ክፍት የተወችውን የውጪ በር ገፋችው፣ ቁልፉን አዞረች፣ ይዞ እንደሆነ በትከሻዋ ሞከረችው።