የግራዝማች ማኪና አጣቢ

«የጎንደር ሰው ሆይ! ያልሰማህ የሰማውን ጠይቅ! የግራዝማች ዳኛው ማኪና ሐሙስ ረፋድ ላይ ትታጠባለች!»

አዋጁ የተነገረው በ1952 ዓ.ም. በወርኀ ጥር፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ነጋሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሹም ሊሻር ይመስል ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ ሁለት ጊዜ ደገመው። የሳቀ ሰው የለም። ከማክሰኝት ቅቤ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ብቻ፣ «ማኪና ማጠብም በአዋጅ ሆነ?» ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠየቀች።

«ዝም በይ» አለቻት የከተማዋ ሴት። «የዚህ ከተማ ማኪና አስተጣጠብ ሌላ ነው።»

ነገሩ የሚጀምረው ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠበት ቀን ነው። ያን ቀን አንድ የጣሊያን ሻምበል ቀይ ማኪናውን ለግራዝማች ዳኛው አስረከበ። ማኪናዋ ክፍት ነች፤ አራት ሰው ትይዛለች፤ በአገሯ ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት ይባላል። ሻምበሉ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ኮፈኑን እየደባበሰ ረጅም ነገር ተናገረ። ምናልባት «ሞተሯ ገና መታደሱ ነው፤ የማያውቅ ሰው እንዳይከፍታት» ማለቱ ይሆናል። አስተርጓሚው ግን ጣሊያንኛ የለመደው ወጥ ቤት ውስጥ ነበርና ነገሩን አሳጠረው።

«ተከፍታ አታውቅም፤ አትከፈትምም ይላል።»

ግራዝማች ቃሉን ወደዱት። ማኪናዋን ከወደዱት ይልቅ ቃሉን ወደዱት ማለት ይቻላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሠርግ፣ በተዝካር፣ በችሎት ደጃፍ ሳይቀር «የእኔይቱ ተከፍታ አታውቅም» እያሉ ኖሩ። ሌላው መኳንንት ማኪናው በየመንገዱ ቆሞ በበሬ ሲጎተት፣ የእሳቸው ከአዘዞ ጎንደር በስምንት ደቂቃ ትገባለች።

ተከፍታ የማታውቅ ማኪና ደግሞ መካኒክ አያስፈልጋትም። ስለዚህ ግራዝማች መካኒክ አልቀጠሩም፤ አጣቢ ቀጠሩ።

አጣቢው አላምረው ይባላል። በጣሊያን ጊዜ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ብሎን ሲያቀብል ኖሮ፣ ሞተር ሲያስል ከምኑ እንደሆነ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው ነው። በወር አንድ ቀን የግቢው በር ይዘጋል፤ ባለጉዳይ አይገባም፤ አዋጁም ለዚሁ ነው። አላምረው የጋጣውን በር ከውስጥ ቀርቅሮ ማኪናዋን ያጥባታል። እጥበቱ ዘይት መቀየር ነው፣ ካንዴላ መጥረግ ነው፣ ብሎን ማጥበቅ ነው። መለዋወጫው ሳሙና ይባላል። ከአስመራ የሚመጣው የጭነት መኪና ሾፌር «የግራዝማች ሳሙና መጣ!» ብሎ ሲጣራ፣ ጥቅሉ እንደ ቃጭል እየተንኳኳ ከመኪናው ይወርዳል። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳሙና ሲንኳኳ ሰምቶ ፊቱን አያዞርም።

ከተማው ያውቃል። ግራዝማችም ከተማው እንደሚያውቅ ያውቃሉ። እንደዚህ ተዋውቆ ዝም ማለት አንድ ዓይነት መከባበር ነው።

ያን ሰሞን ክንዱ የሚባለው የግራዝማች ልጅ አዲ አርቃይ ላይ ሚስት ሊያገባ ነበር። ሐሙስ ማኪናዋ ልትታጠብ፣ ቅዳሜ መንገድ ሊጀመር ታስቧል። ረቡዕ ማታ ግን ያልተጠበቀ እንግዳ ደረሰ፤ አያ በላቸው፣ የሙሽሪት አጎት። ሙሽራውን አጅበው ሊወርዱ መጥተዋል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከጋጣው በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መቀመጫው የተስማማቸው ይመስላል።

ግራዝማች አላምረውን ጥግ ወሰዱት።

«ሐሙስ ቀርቷል። ሰውየው እያሉ አንድ ፍሬ ሳሙና ግቢዬ እንዳይገባ።»

«ጌታዬ፣ ፍሬኑ...»

«ፍሬኑ ምን ሆነ? አይዝም?»

«ይይዛል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የቆሸሸ?»

«ምንም አልቆሸሸም። ሳይቆሽሽ ነው እኮ የሚታጠብ። ከቆሸሸማ ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ነን፤ እዚያ ደግሞ ውሃ የለም።»

ግራዝማች ጢማቸውን ጎተቱ። «ስማ አላምረው። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ቤቴ እንዲህ ነው፣ ዘሬ እንዲህ ነው፣ ማኪናዬ ተከፍታ አታውቅም ብዬ አስነግሬያለሁ። ልጃቸውን የሰጡኝ ይህን ሁሉ አምነው ነው። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውንስ ማን ያምነኛል? ከፍተሃት ቢያዩህ ከቤቴ ወጣህ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እኔው ራሴ አጥባታለሁ።»

አላምረው የፈራው ከቤት መባረሩን አልነበረም። ግራዝማች ካቻቢቴ ይዘው ማኪናዋ ሥር ሲገቡ ነው የታየው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንኳየሁ ፊቱን አየች።

«ምነው? ማኪናዋ ታመመች?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ አንተን ምን አሳመመህ?»

ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮውን አወጣ። በአሥራ ስምንት ዓመት ከማኪናዋ የነቀለው ሁሉ እዚያ አለ፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቀለበት፣ የሳሳ የማርሽ ጥርስ፣ ሊበጠስ አንድ ክር የቀረው ሽቦ። እያንዳንዱን ከመበጠሱ በፊት ነው ያወጣው። ይህ መንገድ ላይ ያስቀራቸው ነበር፣ ይህ ያቃጥላቸው ነበር፣ ይህ ደግሞ ይገድላቸው ነበር እያለ አንዳንዴ ይቆጥራቸዋል።

«ሌላው ወንድ ያደረገውን ያወራል» አለች እንኳየሁ። «አንተ ያልሆነ ነገር በቆርቆሮ ታኖራለህ።»

«ያልሆነው እንዳይሆን ስላደረግሁት ነው።»

«እኔ ምን አልሁ? ውሃ ስቀዳ ባልሽ ምንድን ነው ይሉኛል። አጣቢ ነው እላለሁ። እያወቁ ይጠይቁኛል፤ እያወቅሁ እመልሳለሁ። አንድ ቀን በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መካኒክ የሚልህ አፍ ባገኝ ስለት አለብኝ።»

«እኔም አለብኝ» አለ አላምረው፤ ቆርቆሮውንም መልሶ ገፋው።

ዐርብ ጧት አያ በላቸው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሊሳለሙ ወጡ። ግራዝማችም ከተማ ወርደዋል። አላምረው ቤቱ ያቆየውን አዲስ ሳሙና በጋቢው ሸፍኖ አስገባ፤ ጊዜም አላጠፋም። ክሪኩን አቁሞ የፊት ግራውን ጎማ አወረደ፤ ሲከፍተው የፈራው ነገር ተቀምጦ ጠበቀው። የፍሬኑ ሸራ ሚስማሩ እስኪታይ አልቋል፤ የፍሬኑን ዘይት የምታግደው የውስጧ ትንሿ ጎማም ላብ ላብ ብሏታል። ለጎንደር ከተማ ይበቃል። ለአዘዞም፣ ለፀዳም ይበቃል። ለሊማሊሞ ግን አይበቃም።

ሦስቱን ጨርሶ አራተኛው ላይ ሳለ ከኋላው ጉሮሮ ተጠረገ። ቸኩሎ በሩን ሳይቀረቅር ኖሯል። አያ በላቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምን ትሠራለህ?»

«እያጠብሁ ነው፣ አያ።»

«ጎማዋን አውልቀህ?»

«ከጀርባው ነው የሚቆሽሽ።»

ሽማግሌው የተበተነውን ብረት አንድ ባንድ ተመለከቱ። የዘይት ገንዳውን አዩ። የአላምረውን እጅ እስከ ክርኑ አዩ።

«ባልዲውስ?»

«እዚያ አለ።» ባልዲው ጥግ ላይ ነበር፤ ሸረሪት አድርታበታለች።

«ሸጋ ነው» አሉ አያ በላቸው፣ እዚያው በርሚል ላይ ተቀመጡ። ሥራው እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከእጁ አላነሡም። አንድ ጊዜ ብቻ ብሎን ተንከባሎ እግራቸው ሥር ሲደርስ አንሥተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ሳሙናህ ወደቀ» ብለው ሰጡት።

አላምረው ሌሊቱን ሙሉ ይህችን ቃል አገላበጣት። ከየትኛውም ወገን ቢያያት ፊቷ አንድ ሆነበት።

ቅዳሜ ግራዝማች መሪውን ያዙ፤ አያ በላቸው ከጎናቸው፣ ሙሽራውና አላምረው ከኋላ። ሚዜዎቹ በአውቶቡስ ቀድመው ወርደዋል። አላምረው ባልዲውን ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ አጣቢ ባልዲ ሳይዝ ሠርግ አይሄድማ። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን እንደ ነፋስ አለፉ። ደባርቅ ላይ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ መሬቱ አለቀና ሊማሊሞ ተጀመረ።

ያን መንገድ የወረደ ያውቀዋል። አንዱ ጠምዛዛ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ከታች ያለው መንገድ ከጫማ ሥር ይታያል። ግራዝማች ደግሞ ቀስ ብሎ መውረድ ከፈሪ ያስቆጥራል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። በየመታጠፊያው ዳር እስኪደርሱ ይለቋታል፤ ከዚያ ይረግጧታል። እሷም እንደ ሠለጠነ በቅሎ ቀጥ ትላለች። ፍሬን ከተረገጠ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ንጹሕ ነበር፤ ብረት ከብረት አይፋጭም፣ መሪው ወደ ግራ አይስብም።

በመጀመሪያው ጠምዛዛ ምንም አልሆነም። በሰባተኛውም ምንም አልሆነም። በየመታጠፊያው አላምረው ያልሆነውን ነገር አየው፤ ማኪናዋ ዳሩን ስትዘል፣ የሙሽራው ነጭ ልብስ ገደሉ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ጭላዳዎቹ ሸሽተው ሲመለሱ። ሙሽራው ክንዱ ግን አጠገቡ አንገቱን ደገፍ አድርጎ አንቀላፍቶ ነበር። ሰው ሊማሊሞ ላይ ተኝቶ ሲወርድ አላምረው በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ደረቱ በኩራት ሞላ። ዘወር ብሎ ለማን ይንገር? ባልዲውን ጠበቅ አድርጎ አቀፈው።

አዲ አርቃይ በእልልታ ተቀበላቸው። ግራዝማች ገና ከማኪናው ሳይወርዱ፣ «በአሥራ ስምንት ዓመቷ ናት እንዲህ የምትወርድ። ተከፍታ አታውቅም!» አሉ። ሁሉም ወደ አያ በላቸው አየ፤ ምስክሩ እሳቸው ናቸውና።

«እውነት ነው» አሉ አያ በላቸው ያለ አንዳች ፈገግታ። «ሦስት ቀን ደጃፏ ላይ ተቀምጫለሁ። መታጠብ ብቻ ነው። መታጠቡ ግን፣ እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ እጥበት አላየሁም።»

ሠርጉ አማረ። የሙሽሪት አባት አቶ ሐብተ ማርያም ሠንጋ ጣሉ፤ ትልቁም ትንሹም በላ፣ ጠጣ። ለአላምረው ከአሽከሮቹ ጋር ዳስ ጥግ ተሰጠው። እጁን ሲታጠብ ውሃው ጠቆረ፤ ያስታጠበው ሰውም አይቶ ሌላ ውሃ ጨመረለት።

ሰኞ ረፋድ ሙሽሪት ለተ ማርያም ልትሸኝ አገሩ ሁሉ አደባባይ ወጣ። እሷ በቀይዋ ማኪና ትሄዳለች፤ አጃቢዎቿና ጓዟ ደግሞ አባቷ ባመጡት የጭነት መኪና። መኪናው ገና ዓመት ያልሞላው፣ ቀለሙ የሚያበራ ነው። አልጋው፣ ምንጣፉ፣ ሃያ የሚሆኑ ዘመዶችም ተጫኑ። ካህኑ ባረኩ። ሾፌሩ አስነሣ፤ አልተነሣም። ደገመ፤ መኪናው አጉረመረመና ዝም አለ። ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ትኩር ብሎ አየው፤ መልሶ ዘጋው። እልልታው ቀስ በቀስ በረደ። ሙሽሪት በተሸፈነችበት ሙቀቱ በረታ፤ እናቷ፣ «ገደ ቢስ ነገር ነው» ብለው ሲያለቅሱ ተሰማ።

«መካኒክ ከአስመራ እስኪመጣ ሦስት ቀን ነው» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ።

አቶ ሐብተ ማርያም ወደ ጎንደሮቹ ተራመዱ። ፊታቸው ላይ ላብ እየወረደ፣ ድምፃቸው ለአገሩ ሁሉ እየተሰማ፣ «እባካችሁ፣ ከእናንተ ዘንድ መካኒክ የሚሆን ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

ከሚዜዎቹ አንዱ ዞረ። ቀጥሎ ሌሎቹ ዞሩ። ሙሽራው ዞረ። አያ በላቸው ከዘራቸውን ተክለው ዞሩ። አሽከሮቹ፣ ያስታጠበው ሰው ጭምር፣ ዞሩ። አደባባዩ ሙሉ ዓይን ባልዲ ይዞ የቆመው ሰው ላይ አረፈ። ግራዝማች ዳኛው ትንሽ ጊዜ ሰማዩን ተመለከቱ፤ ከዚያ እሳቸውም ቀስ ብለው ዞሩ።

አላምረው ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ኮቱን አውልቆ የሚሰቅልበት ቢፈልግ አጣ። ግራዝማች ሁለት እርምጃ ቀርበው እጃቸውን ዘረጉ፤ ኮቱን ተቀብለው፣ አጥፈው፣ ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉትና ቆመው ጠበቁ።