ጣራ ላይ ያደረ ካሮት

ውሻዬ መቻል ጥርሱ ካለቀ ወዲህ አጥንት አይሞክርም። የከብት ሐኪሙ «አትክልት ቀቅለሽ ከገብስ ገንፎ ጋር ስጪው» አለኝ። ሞላሌ ገበያ ካሮትና ጥቅል ጎመን የሚረክሰው በኅዳር ነው። እስከ ፋሲካ ያድርሰኝ ብዬ አንድ ጆንያ ገዛሁ፤ ጨው ሳላስነካ ቀቀልኩት፣ ከተፍኩት፣ በፌስታል በፌስታል ቋጠርኩት። የሱቄ ፍሪጅ ውስጥ ላስገባው ስል መብራት ጠፋ። በዚህ ሳምንት ሲጠፋ ይኸው ሦስተኛው ነው! በንዴት ሁሉንም አውጥቼ ቆርቆሮው ጣራ ላይ ደረደርኩት። የመንዝ ብርድ ከፍሪጅ በምን ያንሳል?

ጠዋት ሳወርደው ድንጋይ ሆኗል። ጎረቤቴ ጋሽ ተገኘ በአጥሩ በኩል አይተው ክው አሉ።

«አንቺንም ውርጭ መታሽ? አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ይተካል።»

ባለፈው ሳምንት የእሳቸውን ባቄላ ውርጭ አንድ ሳያስቀር አቃጥሎባቸዋል።

«ኧረ እኔው ነኝ ሆን ብዬ ያሳደርኩት፤ እንዳይበላሽ ነው። የውሻው ቀለብ ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ተገኘ አንዱን ፌስታል ተቀበሉኝ። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ማሳቸው ዞሩ።

«ይሄ ውርጭ እንዲህ መሥራት እያወቀ ነው የኔን ባቄላ ያቃጠለው?»